ጠብታ

ሚያዝያ ሲጋመስ ጣና ትንፋሽ ሲያጥረው፣
ዘንባባው በቁሙ እንቅልፍ ሲያሸልበው፣
ያን ጊዜ ስልኬን ነው ላብ የሚያጠምቀው።
«ኤሲው ሙቅ ይተፋል»፣ «ኤሲው ያንጎራጉራል»፣
«አምና የሞላኸው ጋዝ የት ገባ ይባላል?»
ጋዝማ ደመወዝ ነው፣ ሳያስታውቅ ያልቃል።

መሰላሌን አስሬ ከባጃጁ ጣሪያ፣
ጌጄን ከጭኔ ላይ፣ ብየዳዬን ጉያ፣
ሽምብጥ ደረስኩኝ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ፤
ፀሐይዋ ቀድማኛለች ቆርቆሮ ልትበላ።

አቶ ገደፋው፣
ለጎርጎራ ጀልባ ሞተር ዕድሜያቸውን የሰጡ፣
ጆሯቸውን ግድግዳው ላይ ለጥፈው እያዳመጡ፣
«ሳል ነው» አሉ፣ «ሞት አይደለም።
ሞተር ያክሙታል እንጂ አውጥተው አይጥሉትም።»

ከፈትኩት።
ፊልተሩ ሲወጣ፣ ግራጫ ብርድ ልብስ፣
የጣና ትንኝ ደርቃ እንደ ኑግ ስትፈስ፤
ክንፎቹ ተጣጥፈው፣ መዳቡ አረንጓዴ፣
ኮምፕረሰሩ ሊነሳ ይሞክራል አንዴ፣
እህህ ብሎ ይቀራል፦ «ደግሞ ልነሳ እንዴ?»

ካቻምና ካፓሲተር ቀየርኩለት፣ ዳነ።
አምና ቀዳዳውን በብር በየድኩት፣ ዳነ።
ዘንድሮ ግን ቦርዱ ራሱ ከሰል ሆነ።
መለዋወጫ ፍለጋ ሱቅ ለሱቅ ዞርኩ፣
«ይሄ ሞዴል?» እያሉ ሲስቁብኝ ዋልኩ።

«አዲሱስ ስንት ነው?» ስነግራቸው ዝም አሉ፣
በመስኮት ጣናን አዩ እንደሚያማክሩት ሁሉ።
«የጥማድ በሬ ዋጋ! በሬስ ቢሆን ያርሳል፤
እስቲ ንገረኝ ልጄ፣ ይሄ ምን ያበቅላል?»

መልስ አልነበረኝም።
ሦስት ሌሊት ግን ወበቁ መለሰላቸው፤ አላስተኛቸውም።
ዓርብ ገዙ።

አዲሱን ሰቀልኩት፦ ነጭ፣ ድምፅ የለሽ፣ ኩሩ፣
መሥራቱ የሚታወቀው በመብራቱ ነው በግንባሩ።
የድሮው ቱቦ በግድግዳው ውጭ ይንጠባጠብ ነበር፤
«ይሄማ ነውር ነው» ብዬ፣ ከመታጠቢያው ጋር
በሥርዓት አገናኘሁት። ሙያ እኮ ነው ክብር።

በሦስተኛው ቀን ስልክ ጠራ፣ ቁጥሩን አላውቀውም፤
«ውኃዬን የዘጋኸው አንተ ነህ?» ሰላምታ የለም፣ ምንም።

ባንቺአምላክ ናት፣ ከፎቁ ሥር ተከራይ።
ስንት ዓመት ስመላለስ አልፌያታለሁ ሳላይ፤
መሰላል የሚወጣ ሰው ዓይኑ ሁልጊዜ ወደ ላይ።
ቧንቧው ከሄደ ዘጠኝ ቀኑ፤ ጣና ግን አጥር ሥር ሞልቶ።
ጀሪካኗ አንገቱ ተቆርጦ አፉን ወደ ግድግዳው ከፍቶ፣
ከጎኑ አንዲት ፓፓያ፣ ሰባት ፍሬ አዝላ፣
ቅጠሏን እንደ ታጠፈ ጃንጥላ ቁልቁል ጥላ።

«እህቴ» አልኳት፣ «ያ ውኃ እኮ ምንጭ አይባል፣
የእሳቸው ላብ ነው፤ እንግዳ ሲተነፍስ ነው ጠብ የሚል።»
«ይሁና! ፓፓያዬ የማን ላብ ነው ብላ አትጠይቅም።
አራት ዓመት ጠጥታለች፤ ሆዷን አሟት አያውቅም።»

ከላይ አንድ ጥላ ወደቀብን። አቶ ገደፋው በረንዳው ላይ፣
ከጀልባ ጠርዝ አጎንብሶ የውኃ ጥልቀት እንደሚያይ፣
ፓፓያዋን ቁልቁል አዩ። ቆዩ። ቆዩ።
«ያበቅላል ለካ» አሉ።
«ልጄ፣ ቱቦዋን መልስ።»
መለስኩ። ሂሳብ አልጠየቅሁም።

አዲሱ ግን ቆጣቢ ነው፤ ክፍሉ ሲቀዘቅዝ ያርፋል፣
ጀሪካኑ እስከ ማታ ግማሽ ሳይሞላ ይቀራል።
ግንቦት ሲያልቅ ፊልተር ላጥብ ሄጄ፣ ከታች ጮክ ብላ፦
«አቶ ገደፋው፣ ዛሬስ ሙቀቱ ሰው ሊበላ!»
ሰማዩ ደምኗል። ነፋስ አለ። ዘንባባው ይወዛወዛል።
ከላይ መልስ የለም፤
ሪሞቷ ብቻ ጢ፣ ጢ፣ ጢ ትላለች፣
አሥራ ስድስት ላይ ትቆማለች።

ስገባ ሶፋቸው ላይ ናቸው፣ ጋቢ ተከናንበው፣
አፍንጫቸው ቀልቶ፣
እጃቸውን ብብታቸው ውስጥ ወትፈው፣
ጠብታውን ይቆጥራሉ።